በሶላት ሰዓት የተሸፈነው ማሽን

ዘሩባቤል ጀሪካኖቹን በር ላይ አስቀምጦ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ጓደኛው ሀናድ መጣና «እናቴ ትፈልግሃለች» አለው። ከትምህርት ቤት ከተመለሰ ጀምሮ ውሃ ሲያመላልስ ነበር፤ የዘሩባቤል እናት ወርቅውሃ ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ ልብስ ከምታጥብበት ቤት እስክትመለስ በርሜሉ መሙላት አለበት። መዳፉ ቀልቷል፣ ወገቡም ዝሏል።

«ለምን ፈለገችኝ?» አለ፣ መልሱ ባይጠፋውም።

«ስለተቃጠለው ጌም ልትጠይቅህ ነው። አንተ የነገርከንን የሜሞሪ ነገር ነው የነገርኳት። ዝም ብለህ አዎ በላት። አደራ ፍሬንድ፣ እንዳታስበላኝ።»

ዘሩባቤል ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ስለ ወደፊቱ የጌም ማሽኖች አቅርቦ ነበር። በዛሬዎቹ ማሽኖች የሜሞሪ ቺፖቹ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት፣ እንደ ሼክ ኑር ሰፈር ቤቶች። ወደፊት ግን እንደ ፎቅ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ፤ መረጃውም ዙሪያ ጥምጥም መሄዱ ቀርቶ በቀጭን ቀዳዳ ሽቅብ ቁልቁል ይመላለሳል። ይህን ምሳሌ ያገኘው አባቱ ደምመላሽ ከሚሠራበት ሕንፃ ነው። ትልልቅ ኮምፒውተሮች ላይ ተጀምሯል፤ ጌም ላይ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። አንዱ ችግር ሙቀት ነው፣ መሀል ፎቅ ላይ ያለው ቺፕ መስኮት የለውምና። ሀናድ ያን ዕለት ሲያዛጋ ቢውልም፣ ለውሸት የሚበቃውን ያህል ይዟል።

የሀናድ እናት ሻምሶ ድሬዳዋ ያደገች ሴት ናት፤ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ጌም ቤት አላት። አዛን ሲሰማ ማሽኑ ይጠፋል፣ በሩም ገርበብ ይላል። ሐሙስ ዕለት ግን ሀናድ ዘሩባቤልን በነጥብ እየመራው ስለነበር ጨዋታው እንዲጠፋበት አልፈለገም። ጨዋታውን ባለበት አቆመና፣ የማሽኑ መብራት በበሩ ክፍተት ታይቶ ሽማግሌዎች እንዳይቆጡት በብርድ ልብስ ጠቅልሎት መስጊድ ሄደ። ዘሩባቤል አጠገቡ ነበር። ሙቀት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ግን በጣም ደክሞት ስለነበር አግዳሚው ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ሀናድ ተመልሶ ብርድ ልብሱን ሲያነሳ ማሽኑ ሞቷል።

ሀናድ ለእናቱ የነገራት ግን ሌላ ነው። ጥገና የሚሠራው መሀድ በቅርቡ ማሽኑን ሲያጸዳ አሮጌው ሜሞሪ ላይ ሌላ ርካሽ ሜሞሪ ደርቦበት እንደተቃጠለ ነገራት። እሷም ለጎረቤት አወራች፤ ሰዎችም ለጥገና የሰጡትን ስልክ ከመሀድ እጅ መልሰው መውሰድ ጀምረዋል።

ጌም ቤት ሲደርሱ መሀድ የተከፈተውን ማሽን ጉልበቱ ላይ ይዞ ተቀምጧል። አቧራ ከማጽዳት በቀር ምንም እንዳልነካ ደጋግሞ ነግሯታል፤ አሁን ክርክሩ ሰልችቶት ከፈለገች ለሌላ ባለሙያ እንድታሳየው ብቻ ነገራት። በሆነ ባልሆነው «ወላሂ» እያለ የሚምለው ሀናድ ደግሞ ዛሬ ቃሉ አንዴም ከአፉ አልወጣም። ዘሩባቤል በውሸት መማል እንደፈራ ገባውና አዘነለት።

«ዘሩ ልጄ፣ ይሄን ነገር የምታውቀው አንተ ነህ» አለች ሻምሶ። «ሀናድ እንዳለው ሜሞሪ ደርቦበት ነው የተቃጠለው?»

አንድ «አዎ» ብቻ ነበር የሚፈለግበት። ሀናድ ሲኮርጅም፣ ከትምህርት ቤት ሲቀርም ሁልጊዜ የሚለምነው አንድ «አዎ» ነው። ዘሩባቤል ደከመው። ውሃ ቢከብድም አንድ ቦታ ሲደርሱ ያወርዱታል፤ ይሄኛው ግን አይወርድም።

«አይደለም፣ እትዬ ሻምሶ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ክፍል ውስጥ ያወራሁት ገና ወደፊት ስለሚመጣ ነገር ነው። እዚህ ማሽን ላይ እንደዚያ መደረብ አይቻልም። በሶላት ሰዓት ሳይጠፋ ተሸፍኖ ነበር፤ ሙቀት ነው የገደለው።»

መሀድ ከማሽኑ ላይ ቀና አለ። ሻምሶ ማን እንደሸፈነው ጠየቀች።

ዘሩባቤል የሀናድን ስም ሊጠራ አፉን ከፈተና ተወው። «እኔ ሲሸፈን አይቼ ዝም ብያለሁ፣ ጥፋቴ ነው» አለ። «የቀረውን ሀናድ ይንገርዎት።»

ሀናድ ከተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ሆኖ እንደማያውቀው ሰው አየው። ዘሩባቤል ከዚህ ልጅ ሌላ እዚህ ከተማ ውስጥ የልብ ጓደኛ የለውም። ሻምሶ ወደ ልጇ ዞራ ቆመች። ከዚህ በኋላ ዘሩባቤልን የሚጠይቀው ሰው አልነበረም፤ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። አግዳሚው ላይ ከሀናድ ጎን ተቀመጠ። ሀናድ ፈቀቅ አለበት፤ እሱ ግን አልተነሳም፣ እስኪናገር ጠበቀው።