ወራጅ አለ

በዚህ ቻናል ስለ መኪና እንጂ ስለ ሌላ ነገር ጽፌ አላውቅም። ስለ ጂንና ስለ መንፈስ የሚጽፉ ሰዎችን አንብቤ፣ ስቄ ያለፍኩ ሰው ነኝ።

የዛሬው ግን የሆነ ነገር ነው። በእኔ በበሱፍቃድ ላይ፣ በዚህ ክረምት፣ እዚሁ ልደታ የሆነ።

የማያምን አይመን። በራሴ ላይ ባይደርስ እኔም አላምንም ነበር።

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ አሮጌዋን ቪታራ ሸጠው ያንን ትልቁን ገዝተዋል አሉ። ያዋጣል ወይ?»

መልሱን እሰጣችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን አንብቡ...

ቪታራዋን የገዛኋት ጸጉሬ ጥቁር ሳለ ነው። ነጭ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ዳገት ላይ የምታቃስት መኪና ነበረች። እኔ ስሰድባት እኖራለሁ፣ ባለቤቴ ወይንሀረግ ደግሞ ትከራከርላታለች።

ወይንሀረግ አጭር ነበረች። ወንበሯን እስከ ጫፍ ወደ ፊት ስባ፣ አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ነበር የምትቀመጠው። ከሜክሲኮ ወደ ቤታችን ወደ አብነት ስንመለስ፣ ልደታ ማርያም በር ላይ ስንደርስ፣ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ሆና፣ ሳቋን እያፈነች ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለኛለች።

«ወራጅ አለ።»

እቆማለሁ። ትወርዳለች፣ በሩን ተሳልማ ትመለሳለች። ዝናብ ሆነ ፀሐይ፣ አንድም ቀን ዘላ አታውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት አረፈች። የተቀበረችውም እዚያው ማርያም ግቢ ውስጥ ነው።

«ትልቅ መኪና ስንገዛ እናቴ አገር ትወስደኛለህ» ትለኝ ነበር። የእናቷ አገር ጉራጌ ውስጥ ነው፣ ቪታራዋ የማትደፍረው ዳገት ጫፍ ላይ። መኪናውን ለመግዛት የበቃሁት ግን እሷ ካለፈች በኋላ ነው። የምወስደው ሰው ሳይኖረኝ ገዛሁት።

ቪታራዋን፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ላለው ለአብዱልመናን ሸጥኩለት። ጨዋ ልጅ ነው። ቁልፉን ስሰጠው ዳሽቦርዷን መታ መታ አደረገና «አይዞዎት ጋሼ፣ በደንብ እይዛታለሁ» አለኝ።

ስለ አዲሱ መኪና ስሙን ልተወው፣ ሠሪዎቹ ምንም አላጠፉም። ያገለገለ ነው። ጥቁር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ሰባት ሰው የሚጭን። ላዩ ላይ ስትወጡ ሰዉ ሁሉ ከታች ይቀራል። ሰባት ወንበር ላይ እኔ ብቻዬን።

የገዛሁ ዕለት ከሹፌሩ ጎን ያለው ባዶ ወንበር ላይ ቀበቶው ታስሮ ነበር።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አልኩት ሻጩን።

«ይተዉት። እንደታሰረ ይንዱት።»

«ይጮሃል እንዴ?»

«አይ... ብቻ እንደታሰረ ይሁን።»

ታውቁኛላችሁ። ባዶ ወንበር ላይ ቀበቶ አስረው የሚነዱ ሰዎችን በዚህ ቻናል ስንቴ ተናግሬያቸዋለሁ። ሻጩ ዞር እንዳለ ፈታሁት።

ቀጭ አለ። ተፈታ።

ምነው እጄን በቆረጠው...

ወሩ ሐምሌ ነበር። አመሻሽ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ሜክሲኮ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሜያለሁ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል፣ መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል።

ቲን... ቲን... ቲን...

ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ። ከጎንህ የተቀመጠው ሰው ቀበቶ አላሰረም የሚለው ምልክት ነው።

ወንበሩ ባዶ ነው። ቦርሳ እንኳ የለበትም።

እርጥበት ገብቶት ይሆናል፣ አልኩ። ለእናንተም ብትጠይቁኝ የምሰጣችሁ መልስ ይኸው ነበር።

የዝናብ ልብስ የለበሰ ትራፊክ መስኮቴን አንኳኳ። ትንሽ ዝቅ አደረግሁለት።

«ቀበቶ ያድርጉ።»

«አድርጌያለሁ እኮ።»

«እርስዎን አይደለም። ከጎንዎ ያሉት።»

ዞር አልኩ። ማንም የለም። ፊቴን ስመልስ ትራፊኩ ከኋላዬ ወዳለው መኪና ሄዷል።

«ያሉት» ነው ያለኝ፣ በአክብሮት። ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። ያን ዕለት ማታ ይህን ቃል እያገላበጥኩ እንቅልፍ አጣሁ።

እዚያው ቀበቶውን ስቤ ባዶው ወንበር ላይ አሰርኩት። ጩኸቱ ቆመ።

በማግስቱ አብነት ጋራዥ ወዳለው ወዳጄ ወደ እንድርያስ ወሰድኩት። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ነው። ከወንበሩ ሥር ገብቶ ብዙ ቆየ።

«ሴንሰሩ ጤነኛ ነው» አለኝ ሲወጣ።

«ታዲያ ምን ይጮሃል?»

«ሰው ተቀምጧል ነው የሚለው።»

እየነዳን እንየው አልኩት። እሺ አለና የኋላውን በር ከፍቶ ከኋላ ገባ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ።

«ወደ ፊት አትመጣም እንዴ?»

«እዚህ ይሻለኛል።»

«ምን ያንሾካሽክሃል?»

ትንሽ እንደሄድን «እዚህ ጋ አውርደኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት አያነሳም።

ለምን ወዲያው አልሸጠውም ትሉኛላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ።

ብቻዬን ነኝ። ልጅ አልወለድንም። ቤት ገብቼ መብራት ሳበራ የሚያናግረኝ ቴሌቪዥኑ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የማጥበው አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ ነው። ሰው ይናፍቀኛል። እናንተንስ ስለ ጎማ ስለ ዘይት ሳወራችሁ የምከርመው ለምን ይመስላችኋል?

እና ያ መብራት ሲበራ መጀመሪያ ፈራሁ... ቆይቼ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ።

ወይንሀረግ ናት። የፈለገችው መኪና መጣ፣ እሷም መጣች።

ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ጠዋት ስገባ «እንዴት አደርሽ» እላታለሁ። ቀበቶዋን አስርላታለሁ። ለውዝ ትወድ ነበርና ከመንገድ ገዝቼ ወንበሩ ላይ አስቀምጥላታለሁ። የቢሮውን ወሬ፣ የጎረቤቱን ወሬ ሁሉ አወራላታለሁ። መልስ የለም። ግን የሚሰማኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ይህ ይታወቃል።

አንዳንድ ነገር ነበር፣ አይቼ እንዳላየሁ ያለፍኩት።

ለውዙ አይነካም።

ጠዋት ጠዋት ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቶ አገኘዋለሁ። እግሩ ረጅም ለሆነ ሰው እንደተስተካከለ። ሰፊ መኪና ነው፣ እግሯን ልትዘረጋ ነው፣ እላለሁ።

ልደታ ማርያም በር ስደርስ ደግሞ ቀስ እላለሁ። የምወዳትን ያቺን ቃል እጠብቃለሁ...

ምንም የለም።

ከጎኔ ትንፋሽ ብቻ። ወፍራም፣ የተቆራረጠ፣ የሚቸኩል። በሩን ካለፍን በኋላ ግን ቀስ እያለ ይረጋል።

የአየር ማቀዝቀዣው ነው፣ እላለሁ።

አብዱልመናን በእነዚህ ቀናት ደጋግሞ ደወለ። አላነሳሁለትም። ቪታራዋ ተበላሽታበት ይሆናል ብዬ ነው፣ ደግሞም መኪና ውስጥ ከእሷ ጋር ሳለሁ ሌላ ሰው ማናገር አልፈልግም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቃሌን ልፈጽም ተነሣሁ። ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች። ነዳጅ ሞልቻለሁ። ለአማቴ ስኳርና ሻማ ይዣለሁ።

«ዛሬ እናትሽ አገር እንሄዳለን» አልኳት ቀበቶዋን እያሰርኩ። «መጀመሪያ ማርያምን እንሳለም።»

ወደ ልደታ ስታጠፍ ትንፋሹ መፍጠን ጀመረ።

ስልኬ ጮኸ። ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጥሪው መኪናውን ሞላው። አብዱልመናን ነው። ዛሬስ ላንሳለት ብዬ አነሣሁ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እንዳይስቁብኝ።»

«አልስቅም። ንገረኝ።»

«ቪታራዋ ውስጥ... የሴት ድምፅ አለ።»

መኪናውን ቀስ አደረግሁት።

«ጋሼ፣ አሉ?»

«አለሁ። ምን ትላለች?»

«ማርያም በር ላይ ስደርስ ነው። ሁልጊዜ እዚያ ቦታ ላይ። ሳቋን እያፈነች 'ወራጅ አለ' ትላለች። ወላሂ፣ ጋሼ።»

እግሬ ሳላዘው ፍሬኑን ረገጠ። ከኋላዬ ክላክስ ተንጫጫ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገዛኋት ቀን ጀምሮ። የጎኑን ወንበር ማታ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ጠዋት እስከ ጫፍ ወደ ፊት ተስቦ አገኘዋለሁ።»

ወደ ጎኔ አላየሁም። ዓይኔን መንገዱ ላይ ተከልኩ። በዓይኔ ጥግ ግን ወንበሩ ይታየኛል፤ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ የተገፋው ወንበር።

«አሁን የት ነህ?» አልኩት። ድምፄ ሹክሹክታ ሆኖ ወጣ።

«በሩ ላይ ነኝ። ዛሬ ጨክኜ ቆምኩላት። በሩን ከፈትኩ... ወረደች መሰለኝ፣ ጋሼ። መኪናዋ ቀለል አለች።»

ወይንሀረግን ከመኪናዋ ጋር ሸጫታለሁ። ይህን ያወቅሁት ከወረደች በኋላ ነው። ያን ሁሉ ቀን ከሰው መኪና ውስጥ «ወራጅ አለ» እያለች ስታልፍ፣ እኔ ቀበቶ የማስረው ለሌላ ነበር።

«ጋሼ...» አለ አብዱልመናን። አሁን እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

«ምን?»

«ከጎንዎ የሚተነፍሰው ማነው?»

ቀጭ አለ።

የእኔ ቀበቶ አይደለም የተፈታው።

በሩን እንዴት እንደከፈትኩ አላስታውስም። ሞተሩ እንደተነሣ፣ በሩ እንደተበረገደ ትቼው ሮጥኩ። ቪታራዋን ከሩቅ አየኋት። ከማርያም በር ፊት ለፊት ቆማለች፣ የጎኗ በር ተከፍቷል፣ አብዱልመናን አጠገቧ ቆሞ ዙሪያውን ያያል።

ወንበሩ እስከ ጫፍ ወደ ፊት ተስቧል። ባዶ ነው። እጄን አሳረፍኩበት፣ ይሞቃል። ፀሐዩ ይሆናል።

እዚያው አስፋልቱ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ስትቀበር እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። አብዱልመናን ትከሻዬን ይዞ ቆመ።

ትልቁን መኪና ጎታች ቀጥሬ ነው ያስገባሁት። አሁን ሸራ ለብሶ ግቢዬ ውስጥ ቆሟል። ቁልፉን አልነካም። ለሌላ ሰው መሸጥም አልቻልኩም፣ ምን ብዬ እሸጠዋለሁ?

እንግዲህ ያዋጣል ወይ ላላችሁኝ፣ መልሴ ይኸው። ጉልበቱ ጥሩ ነው። ዳገት አያውቅም። ጭቃ አይዘውም። ግን አሮጌዋን ከመስጠታችሁ በፊት ውስጧ ማን እንደተቀመጠ እዩ። በአዲሱም ውስጥ ማን እንደሚጠብቃችሁ።

እዚህ ላይ ላበቃ ነበር። ትናንት የሆነውን ግን ሳልነግራችሁ ብቀር አይሆንልኝም።

አሁን የምሄደው በታክሲ ነው። ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሜክሲኮ ሚኒባስ ይዤ ወደ አብነት እመለሳለሁ። ታክሲው ግማሹ ባዶ ነው። ከጎኔም ማንም የለም። መቃብሯ ላይ ሻማ ላበራላት ፈልጌ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ወደ ግቢው ገብቼ አላውቅም።

የማርያም በር ታየኝ። ልቤ ሞቀ። እሷ ትለው የነበረውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ልለው ነው።

«ወራጅ አለ» አልኩ።

ረዳቱ እጁን ወደ በሩ ሰደደ።

«የለም» አለ ከጎኔ አንድ ወፍራም ድምፅ። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል። «ሳበው።»

ረዳቱ ዞሮ አየ። እኔን አይደለም ያየው። ከጎኔ ያለውን ወንበር ነው።

«እሺ ፋዘር» አለ በትሕትና።

ታክሲው ፍጥነት ጨመረ። የማርያም በር በመስኮቱ አለፈኝ። መጮህ ፈለግሁ፣ አፌ አልታዘዘኝም።

ከጎኔ ያለው ትንፋሽ ቀስ እያለ ረጋ።