ሰማንያ ዘጠኝ ራይት

ጥበቃው የምርጫውን ውጤት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲለጥፍ ሙጫው አልደረቀለትም ነበር። በመዳፉ ወደ ላይ ሲገፋው ወረቀቱ ተመልሶ ይንሸራተታል። ከኋላው የተጋፉት ተማሪዎች የክፍለ ከተማው ምክር ቤት ወንበር ለማን እንደደረሰ ለማወቅ ጓጉተው አይደለም። የተራዘመው ፈተና መቼ እንደሚሰጥ የሚናገር ማስታወቂያ መስሏቸው ነው።

ቀለሜ ግን ምን እንደሆነ ታውቃለች። ይህ ቅጽል ስም የወጣላት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ሁለተኛ እጇ ከቀለም ጠርቶ አያውቅም። ቦርሳዋን አቅፋ በሰው ትከሻ መሃል አንገቷን አሰገገች።

ወረቀቱ ላይ የተወዳዳሪዎቹ ሙሉ ስም ከነአያታቸው ሰፍሯል። በሰፈሩ ግን በዚያ ስም የሚጠራቸው የለም። አራት መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ ያገኙት «ሊቀመንበሩ» ናቸው። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበሩ፤ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበሩ፤ የመኪና ማቆሚያ ኮሚቴው በጠብ ሲፈርስም ንብረት አስረካቢውን ኮሚቴ የመሩት እሳቸው ናቸው። ሦስት መቶ ሰባ አንድ ያገኘችው ደግሞ «ሲስተር» ናት፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ የቀለሜ እናት። ከሁሉም ሥር፣ ወረቀቱ ሲንሸራተት በተጨማደደው በኩል፣ በትንንሽ ፊደል «ዋጋ አልባ ድምፅ፦ 96» ይላል።

«በአርባ አንድ» አለች ከጎኗ የቆመችው ጓደኛዋ። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ ልጅ ናት። ጠዋት የሰማችውን እስከ ምሳ ሰዓት ለሁሉም ስለምታዳርስ «ራዲዮ» ይሏታል። «አርባ አንድ ሰው እኮ አንድ ክፍል ተማሪ ነው። የኛ ክፍል ድምፅ ቢሰጥ እናትሽ ታልፍ ነበር።»

«የኛ ክፍል አርባ ሦስት ነው።»

«ያው፣ ሁለቱ ይቀራሉ።»

ቀለሜ አልሳቀችም። እናቷ ለዚህ ወንበር የተወዳደረችው ስብሰባ ወዳ አይደለም። የጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀይሮ፣ አልጋው ላይ የተሰበረ ወንበር ተከምሮበት ስታይ አቤት አለች። ምክር ቤት ውስጥ የሚናገርላችሁ ሰው ከሌለ እንዲሁ ይቀራል ተባለች። «እንግዲያው እኔው ገብቼ እናገራለሁ» አለች። ሰው አምናለሁ ብላ ድምፅ ሲቆጠር የሚከታተልላት ታዛቢ እንኳ አላቆመችም።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር። መምህሩን ተማሪው ሁሉ «ኤክስ» ይላቸዋል። ግማሽ ዕድሜያቸውን ሰሌዳ ላይ የጠፋ ኤክስ ሲፈልጉ ኖረዋል፤ ያገኙትን ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ የተማሪ ወረቀት ላይ ያስቀምጡታል። የሚኖሩት ከተማው ሌላ ጫፍ ነው። እዚህ የምርጫ ጣቢያ ኃላፊ የሆኑት ስለሚያስተምሩበት ብቻ ነው። ደወል ሲደወል ቀለሜን በጣታቸው ጠሯት።

«ለእናትሽ አዝኗል በይልኝ» አሉ ጠመኔውን ከእጃቸው እያራገፉ። «ሕግ ሆኖብኝ ነው።»

«ምኑ ነው ቲቸር?»

«ዘጠና ስድስቱ። መመሪያው ከስሙ አጠገብ ባለው ሳጥን ውስጥ የሚገባው ኤክስ ወይም የጣት አሻራ ነው ይላል። ሌላ ምልክት ያለበት አይቆጠርም። ሰባቱ ባዶ ናቸው፣ እሱን ተይው። ሰማንያ ዘጠኙ ግን…» በሩን ዞር ብለው አዩ። «ሰማንያ ዘጠኙ እናትሽ ስም ላይ ራይት የተደረገባቸው ናቸው። ቁልጭ ያለ ራይት። ስንት ዓመት ሳርም እንደዚያ ያለ አይቼ አላውቅም፤ ጅራቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ማን እንዳስተማራቸው እንጃ።»

ቀለሜ እዚያው ቆማ ደመረች። ሦስት መቶ ሰባ አንድና ሰማንያ ዘጠኝ አራት መቶ ስልሳ ነው። ይህን ለመደመር ሒሳብ መምህር አያስፈልግም።

ማን እንዳስተማራቸው እሷ ታውቃለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት እናቷ በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ በጥድፊያ የጻፈችውን የቅስቀሳ ቃል ሰጥታት ነበር። ከሥሩ «ከስሜ አጠገብ ባለው ሳጥን ውስጥ የኤክስ ምልክት ያድርጉ» ይላል። የሚበተነውን ወረቀት አሳምራ የምትሠራው ቀለሜ ናት። ሁሉንም ጻፈች፣ ፎቶውን ለጠፈች፣ እዚያች መስመር ላይ ስትደርስ እጇ እምቢ አላት። ዘጠኝ ዓመት ስትማር ኤክስ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ተሳስተሻል ማለት ነው። እናቷ ስም ላይ ኤክስ? ስለዚህ «ራይት ያድርጉ» ብላ አስተካከለችው። ከጎኑም ጅራቱ እንደ ቅጠል ወደ ላይ የሚሄድ ትልቅ ራይት ሣለች።

እናቷ ከአዳር ተራ ወጥታ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደሰቀለች ወረቀቱን አየችው። ያየችው ፎቶውን ነው። «ጉንጬ እንዲህ ያበጠ ነው እንዴ?» አለች። ቀጥላም «ቆንጆ ነው፣ ይባዛ» አለች። ራዲዮ ሦስት መቶ ቅጂ አወጣችላት። ፎቶ ኮፒው ጥቁር ብቻ ስለሚያወጣ ቀለሜ ሦስት መቶውንም ራይት አንድ በአንድ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ደገመችባቸው። ጣቷ አብጦ ነበር። በዚያ ጣት ስትኮራ ሰነበተች።

የተነገራትን ለራዲዮ ነገረቻት። ለራዲዮ መንገር ለማንም ከመንገር ይከፋል፤ ግን የፎቶ ኮፒው ነገር እሷንም ስለሚነካት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ቀነሰች።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«በቃ ዝም በያ። ወረቀቱን እንደሆን ሰው እስካሁን መስኮት ጠርጎበታል። ለእናትሽ ‹ሕዝቡ አልመረጠሽም› እና ‹ልጅሽ ናት የጣለችሽ›፣ የቱ ይሻላታል?»

ቀለሜ ቀኑን ሙሉ ስታስበው የመጀመሪያው የሚሻል ይመስላት ነበር፤ ቤት እስክትደርስ።

እናቷ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ቅጽ ትሞላለች። የደም ግፊት መለኪያው በሩ አጠገብ ያለው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ከጤና ጣቢያ እስከዚህ ስመጣ» አለች ቀና ሳትል፣ «ያገኘሁት ሰው ሁሉ ‹እኔስ ሰጥቼሽ ነበር› ይለኛል። ዳቦ ቤቱም ሰጥቶኛል፣ ጫማ ሰፊውም ሰጥቶኛል፣ ምርጫ ቀን ክፍለ አገር የነበረችው ሴትዮ ሳትቀር ሰጥታኛለች። የሰማሁትን ብደምረው ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል።»

«እማ…»

«ሃያ ዓመት መርፌ ስወጋቸው አንድም ሰው ጀርባውን ለመስጠት አላፈረም። አሁንም ያው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ልማድ ሆኖባቸው ነው።»

ቀለሜ ጠጋ ብላ ቅጹን አየች። «የዝውውር መጠየቂያ» ይላል። ከከተማው ማዶ ያለ ጤና ጣቢያ ስም ተሞልቷል። «ምክንያት» የሚለው መስመር ብቻ ባዶ ነው።

ከታች የውኃ ቧንቧው ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ከእነቀለሜ በታች ያለው ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቀለሜን እናቷ አዳር ስትገባ አጠገባቸው እያስተኙ ያሳደጉ ሴት። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ክንዳቸውን ገልጠው ይቀመጡና ቧንቧውን በማንኪያ ይመታሉ። ሲስተር ወርዳ ግፊታቸውን ትለካለች፣ ትንሽ ያወራሉ፣ ትመለሳለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ነው።

እናቷ አልተነሳችም።

«እማ፣ እትዬ ናቸው እኮ።»

«ሊቀመንበሩ ይለኩላት።»

«ምን አደረጉ?»

«በሰውዬው መኪና ሄዳ፣ በሰውዬው መኪና ተመለሰች። በዓይኔ ነው ያየሁት። የሰው መኪና ውስጥ ተንደላቅቃ ተቀምጣ ለእኔ ልትሰጥ ነው? ስትወርድ ደግሞ እጇን አውለበለበችልኝ። እጇን።»

ቀለሜን ያስደነገጣት ስድቡ አይደለም። «እሳቸው» የነበሩት ሴት «እሷ» መሆናቸው ነው። እናቷ በስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ እትዬን እንዲያ ብላ አታውቅም። እሁድ በተደረገው ምርጫ ከቦታቸው የወረዱት እትዬም ጭምር ናቸው ማለት ነው፤ እሳቸው ግን ገና አልሰሙም።

ቧንቧው እንደገና ተንኳኳ። ቀለሜ ወረደች።

እትዬ ግራ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ክንዳቸውን ትራስ ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ከኋላዋ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ በሩን አዩ።

«እናትሽ አሟታል እንዴ?»

«ደክሟት ነው እትዬ።»

«ይደክማታል እንጂ፣ እንዴት አይደክማት። መሸነፏን ሰምቼ ምሳ አልበላሁም።» እጅጌያቸውን መለሱት። «በይ ቁጭ በይ። አንቺ እንኳ ልትኮሪብኝ ይገባል፤ ወጣልኝ።»

«ምኑ?»

ከትራሱ ሥር ደብተር አወጡ። ቀለሜ የሰጠቻቸው ደብተር ነው። ከምርጫው በፊት ባለው ሳምንት፣ እዚሁ አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ እጃቸውን በእጇ ይዛ ያስለመደቻቸው። ገጹ ከላይ እስከ ታች ራይት ነው። ከላይ ያሉት እንደ ተሰበረ ክብሪት ወዲያና ወዲህ የወደቁ ናቸው። ወደ ታች ሲወርዱ ግን ይቃናሉ። የመጨረሻዎቹ ጅራት አላቸው፤ እንደ ቅጠል።

«ያ ሰውዬ መኪና ላከልኝ፣ ገባሁለት፤ ጉልበት የለኝ፣ ምን ላድርግ። መንገዱን ሙሉ ስለ ራሱ አወራልኝ። እኔ በሆዴ ራይቴን ነው የማጠናው።» ሳቁ። «እዚያ ስደርስ ያቺ ወረቀት የምታድለው ልጅ ‹እማማ ጣትዎን እዚህ ይንከሩ› ብላ ቀለም አቀረበችልኝ። ዞር አድርጊልኝ አልኳት። እስክሪብቶ አምጪ አልኳት። ዕድሜዬን በሙሉ በጣቴ ስፈርም ኖሬ፣ ለሲስተር እንኳ እንደ ሰው ልጻፍ ብዬ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ስመለስ እናትሽን በር ላይ ሳያት፣ ያችኑ እጄን አሳየኋት።»

ቀለሜ ደብተሩን ይዛ ቀረች። ጣታቸውን ቢነክሩ ኖሮ ይቆጠር ነበር። የሳቸው ጣት፣ ምንም ያላስተማረችው ጣት፣ ትክክል ነበር።

«ምነው? አላማረም?»

«በጣም ያምራል እትዬ» አለች። «ደብተሩን ላንዴ ልውሰደው?»

«ውሰጂው፣ ለእናትሽ አሳያት። ደስ ይላታል።»

ደረጃው አሥራ ስድስት ነው። ቀለሜ ስምንተኛው ላይ ቆመች። ራዲዮ የጠየቀቻት ጥያቄ እዚያ ደረጃ ላይ ቆሞ የሚጠብቃት መሰላት። አሁንም ዝም ማለት ትችላለች። እናቷ ቅጹን ትጨርሳለች፤ ከከተማው ማዶ ይሄዳሉ፤ እትዬ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክንዳቸውን ገልጠው ቧንቧ ይመታሉ። የሚያውቅ የለም። ሒሳብ መምህሩም እንጃ ነው ያሉት።

የቀሩትን ስምንት ደረጃዎች ወጣች።

ከአልጋዋ ሥር ከተረፉት ወረቀቶች አንዱን አወጣች። እናቷ «ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶዋን ደግና ታስባለች። ቀለሜ ወረቀቱን ቅጹ ላይ አስቀመጠችው፤ ደብተሩንም ገልጣ ከጎኑ።

«ምንድነው ይሄ?»

«አንብቢው እማ። ፎቶውን አይደለም፣ ጽሑፉን።»

እናቷ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ዓይኗ ከላይ ጀመረ፤ ስለ ማዋለጃ ክፍሉ የሚለውን አለፈ፣ ስለ ውኃ የሚለውን አለፈ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ቆመ። እስክሪብቶው ከእጇ አልወደቀም፣ ግን ለምን እንደያዘችው የረሳች መሰለች።

«ኤክስ ነበር የጻፍኩልሽ።»

«አዎ። እኔ ነኝ የቀየርኩት። ኤክስ ስምሽ ላይ… ደስ አላለኝም።» ከጀመረችው ላይ አላቆመችም። «ሰማንያ ዘጠኝ ሰው ራይት አደረገ። ለአንቺ። አልተቆጠረም። ቲቸር ናቸው የነገሩኝ፤ ማን ሰዎቹን እንዳስተማረ ግን አላወቁም።»

እናቷ በጣቷ አረንጓዴውን ራይት ነካችው። ከዚያ ደብተሩ ላይ ካሉት ከታችኞቹ አንዱን ነካች። በከንፈሯ ስትደምር ይታያል። አራት መቶ ስልሳ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች።

«እኔም አላነበብኩትም» አለች በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «ጉንጬን ሳይ።»

ከታች ቧንቧው ተንኳኳ፤ ይህኛው ቀስ ያለ ነው፣ ደብተሩን ለማስታወስ ይመስላል።

«እሳቸውም እንዲህ አደረጉ?» አለች እናቷ።

ቀለሜ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

እናቷ ተነስታ መለኪያውን ከሚስማሩ አወረደችና ደብተሩን ብብቷ ውስጥ አደረገች። በሩ ላይ ቆመች፣ ግን አልዞረችም።

«እንዳትነግሪያቸው። እሳቸው ጽፈዋል፤ በቃ።»

«እሺ።»

«ከአንቺ ጋር እንነጋገራለን። ዛሬ ግን አይደለም። ዛሬ ፊትሽን ባላይ ይሻለኛል።»

የእግሯ ድምፅ አሥራ ስድስቱን ደረጃ ወረደ። ከታች በር ተከፈተ፣ የእትዬ ሳቅ ተሰማ፣ በሩም ተዘጋ።

የዝውውር ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነው። እናቷ አልቀደደችውም። «ምክንያት» የሚለው መስመር አሁንም ባዶ ነው። ቀለሜ ከፊት ለፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ ቅጹን ሳትነካው፣ እናቷ እስክትመለስ መጠበቅ ጀመረች።