የወይዘሮ ትርንጎ መዳፍ

የአክስቴ ልጅ ሙሉ የደወለችልኝ እዚህ ጅግጅጋ ከቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን እያስተካከልሁ ሳለ ነው፣ «ቅድመ አያታችንን ሊዘፍኗት ነው!» አለችኝ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች የወይዘሮ ትርንጎን ታሪክ ኦፔራ አድርገው፣ ንግግሩ ሁሉ በዜማ ሆኖ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ሊያሳዩት ነው አለች። መናደድ እንጂ መፍራት አላሰብሁም፣ ሙት ተመለሰ፣ ጥላ ታየ የሚባል ወሬ ድሮም አልወድም፣ የማምነው ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችኝን ነው፣ ግን ያየሁትን አላየሁም ብል ሐሰት ይሆንብኛል።

ዘጌ ያደገ ሰው ያውቃታል፣ ለማታውቋት ግን፣ ወይዘሮ ትርንጎ መሬቷን የቀማትን ፊታውራሪ ቤቷ ጋብዛ በጠጅ መርዛ ገደለችው ይባላል። የእኛ ቤት ደግሞ፣ እንደ ወጉ ከብርሌው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ አስቀድማ ቀምሳለች፣ ቀምሳም ኖራለች፣ እንግዲህ መርዙ የሌላ እጅ ነው ይላል። ማን ሰምቶን! እናቴ የማኅበር ተራዋ ሲደርስ፣ ሌላዋ ሴት አንዴ የምትቀምሰውን ጠላ እሷን ሁለቴ ያስቀምሷት ነበር፣ እየሳቁ፣ «ምን ይደረግ እቴ፣ ዘር ነው» እያሉ። እኔም ይህን ያህል አገር ርቄ የቀረሁት ለእንጀራ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ፈቃድ ወስጄ ሄድሁ። አዘጋጁን ልምምድ ላይ አገኘሁትና «ወንድሜ፣ ስትቀምስ ብቻ አሳዩ፣ ሌላ አልለምንህም» አልሁት።

«እትዬ፣ ከቀመሰችማ ኦፔራው አለቀ! ሕዝቡ ምን ሊያይ ይቀመጣል?»

«የእናቴ ስምስ?»

«እናትዎን እኮ አልዘፈንናቸውም!»

ሁሉም ሳቁ። ትርንጎን የምትጫወተው ሊዲያ ብቻ ባዶውን ብርሌ እየዘቀዘቀች አየችኝ።

ትርኢቱ አመሻሽ ላይ ተጀመረ፣ እናቴ «ሞቼ ነው የማየው» ብላ ቤት ቀረች፣ ሕዝቡ መድረኩን በሦስት ወገን ከቦ፣ ከፊሉ በግራ፣ በሐይቁ በኩል ነበር፣ እኔና ሙሉ ከፊት፣ በቀኝ በኩል ተቀመጥን። ለፊታውራሪው የምትቀዳበት ቦታ ሲደርስ፣ እመኑኝ፣ ከመሰንቆውና ከቫዮሊኑ ሥር አንድ የሚንቆረቆር ነገር ሰማሁ፣ ሐይቁ ነው አልሁ፣ ቆይቶ የጠጅ ሽታ መጣ፣ ሙሉ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ሸተተሽ?»

«ዝም በይ!»

ሊዲያ ዜማዋን መሐል ላይ ቆረጠች። ጀርባዋን ወደ እኛ፣ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች፣ ብርሌውን ወደ መዳፏ አዘነበለች፣ እጇንም ወደ አፏ ወሰደች። አዘጋጁ ከጥግ «ሊዲያ! ኧረ ሊዲያ!» ይላል፣ እኔ ግን ብድግ ብዬ እልል አልሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከመድረኩ ጀርባ ስደርስ ሊዲያ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ታለቅሳለች፣ ድምፅዋ ጠፍቷል።

«እኔ አይደለሁም እትዬ፣ እጄ ነው የሄደው» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ምን ምን አለሽ?»

«መረረኝ።»

«ጌሾው ነው፣ አይዞሽ።»

«ጌሾ ምላስ ያደነዝዛል?»

ባዶ ብርሌ ይዛ መድረኩ ላይ የቆመችበትን ጣውላ ዞሬ ባየው ነጠብጣብ አለበት። ያን ጊዜ እናቴ ልጅ ሳለሁ ያሳየችኝ ትዝ አለኝ፣ ጾም የያዘች አሳላፊ የቀመሰች መስላ ጠላውን በጣቶቿ መሐል እንዴት እንደምታፈስሰው። ከማን እንደተማረችው ጠይቄያት አላውቅም።

ቤት ገብቼ እናቴን «ቀመሰች፣ ሰው ሁሉ እያየ ቀመሰች!» አልኋት፣ መሬት ስማ አለቀሰች፣ ይኸው እስከ ዛሬ ለማኅበርተኛው ሁሉ ታወራለች። ሌላውን አልነገርኋትም።

እኔ ያየሁት ጀርባዋን ብቻ ነው። እናንተ በሐይቁ በኩል የተቀመጣችሁ ግን ፊቷንም እጇንም አይታችኋል። እባካችሁ፣ ስለ እመቤታችን ብላችሁ፣ ዋጠችው ወይስ በጣቶቿ መሐል ወረደ? ለእኔ ንገሩኝ፣ ለእናቴ ግን፣ ብትጠይቃችሁም፣ አደራ።