በኪዳነ ምሕረት ዕለት የተጠማው ግድግዳ

ኢንጂነር ሀኒ ግድግዳውን በመዶሻ ጫፍ ኳ ኳ ስታደርገው የወለተ ሐና ልብ አብሮ ኳ ኳ አለ። ማንኩሳ አጠገብ የሚሠራው ትልቁ የውሃ ማጠራቀሚያ ገና ሳያልቅ ተሰነጣጥቋል።

«ጋሼ ደረሰ፣ አርማታውን ሲያቦኩት ውሃ አብዝተውበታል» አለች ሀኒ። «እንዲህ ከሆነ ግድግዳው መፍረሱ ነው። እርስዎም ከሥራ…»

«ኪዳነ ምሕረትን! እንደ ወትሮው ነው ያቦካሁት!» አሉ ጋሼ ደረሰ። ሃያ ዓመት አርማታ ያቦኩ ሰው ፊታቸው አመድ መሰለ።

መሐላው ወለተ ሐናን ወጋት። ቅዳሜና እሑድ ግድግዳው የለበሰውን ጆንያ ውሃ ማርከፍከፍ የእሷ ሥራ ነው፤ አዲስ አርማታ ሳምንት ሙሉ መጠጣት አለበት። ግን ቅዳሜ ኪዳነ ምሕረት ዋለች፤ በማግሥቱ ሰንበት። በበዓል ሥራ? እንዴት ተደርጎ! ባልዲውን ደፍታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ዛሬ ሰኞ በጠዋት ስትመጣ ጆንያው እንደ ቁርበት ደርቆ አገኘችው። ደንግጣ ማንም ሳይደርስ አራሰችው።

ይህን የነገረችው ለክፍሏ ልጅ ለታከለ ብቻ ነው። አብረው ትምህርት ቤት ሊሄዱ መጥቶ አጠገቧ ቆሟል።

«ዝም በይ ባክሽ» አላት በሹክሹክታ። «ማን አየሽ? ሙድ ይይዙብሻል።»

ጋሼ ደረሰ ጓንታቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

«ኢንጂነር…» አለች ወለተ ሐና። «እኔ ነኝ። በዓል ነው ብዬ ሁለት ቀን አላጠጣሁትም። ጆንያውን ያራስኩት ዛሬ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሀኒ ግን ቀጭን ሽቦ አውጥታ በየስንጥቁ ሰደደች። ከጥፍር አልጠለቀም።

«ላይ ላዩን ነው፤ የድርቀት ስንጥቅ ነው» አለች ተንፍሳ። «እየፈለፈልን አጽድተን በሲሚንቶ እንሞላዋለን። አይፈርስም። ጋሼ ደረሰ፣ ይቅር ይበሉኝ። አንቺ ግን፣ ቀድመሽ ብትናገሪ እኚህን ሰው ባላስቀየምኩ።»

ወለተ ሐና አቀረቀረች። ጋሼ ደረሰ ጓንታቸውን መልሰው እያጠለቁ ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ» አሉ፣ «የተጠማን ማጠጣት በዓል ይሽራል ያለሽ ማን ነው?»

ጥገናው ረቡዕ አለቀ። ሐሙስ ሃያ አንድ ማርያም ነበረች፤ ሠራተኛው ሁሉ በዓል አክብሮ ቀረ። ወለተ ሐና ከቅዳሴ ወጥታ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄደች፤ ነጠላዋን አደገደገች፤ ባልዲውን አነሣች።

ታከለ ከመንገድ ላይ አያት። «አንቺ! ዛሬም እኮ በዓል ነው!»

«ጠምቶታል» አለችው፣ ውሃ እየቀዳች።