አኬሎ የቆረጠችው ዝምታ

አኬሎ ደረቅ ኦሜና እየቆረጠመች ነበር፤ ያቺን ጣት የማታህል የሐይቅ አሳ። አንድ የማታውቀው ሰው ማይክሮፎን ይዞ አጠገቧ ቆመ።

«እባክሽ አንዴ ድገሚው።»

«ምኑን?»

«ቁርጠማውን።»

«አንተ፣ ሰው ሲበላ አፍ አፉን ታያለህ እንዴ?»

«እኔ መቼ አየሁሽ... ሰማሁሽ እንጂ።»

ሐይቁ ዳር ባለችው ከተማ በኪሱሙ፣ የኮምፒውተር ሥዕል የሚሠሩ ሰዎች በጋራ በተከራዩት ቤት ነው የተገናኙት። እሷ ሥዕል ታንቀሳቅሳለች። እሱ፣ ኦቡራ፣ ድምፅ ይለቅማል። በማግስቱ ያንን ቁርጠማ የሚነድ እንጨት አስመስሎ አሰማት። ሣቀች። ሴት እንደዚያ ከሣቀች በኋላ መመለሻ የላትም፤ ማንም የፈለገውን ይበል።

በዓመቱ አንድ ትልቅ ሥራ አብረው ያዙ። ስለ ሐይቁ ነው። ድምፁ የሱ፣ ሥዕሉ የሷ። አኬሎ የሠራችው ፕሮግራም ድምፅ ሲሰማ በራሱ ይሥላል። ማዕበል ሲሰማ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ያፈሳል፣ ወፍ ሲሰማ ነጭ ነጭ ይበትናል። ድምፅ ከጠፋ ግን ግድግዳው ይጨልማል።

መሀል ላይ የኦቡራ እናት ድምፅ አለ። ከሐይቁ ዳር ቆመው «የኦቡራ አባት!» ብለው ይጣራሉ። ከዚያ አሥራ አንድ ሰከንድ ምንም የለም። ከዚያ መቅዘፊያ የጀልባ ጎን ሲመታ ይሰማል።

አኬሎ ጨለማው አልጣማትም። ሰው ኮምፒውተሩ ተበላሸ ይላል ብላ ደጋግማ ነገረችው። ኦቡራ «እሱን ብቻ አትንኪው» ከማለት በቀር ምክንያቱን አይናገርም። እሷም ኩራት መሰላትና ተወችው።

ትርኢቱ የሚታይበት ቀን ጠዋት፣ ኦቡራ እናቱን ሊያመጣ ወደ አሳ አጥማጆቹ መንደር፣ ወደ ዱንጋ ወጣ። ሲወጣም «ዛሬ እናቴ የምታየው ሥዕል ብቻ አይደለም፣ ምራቷንም ነው» አላት።

አኬሎ አዲስ ቀሚሷን ለበሰች። ግን አማቷ ፊት ሥራዋ ተሰናክሎ ሲታይ ታያትና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። አሥራ አንዱን ሰከንድ ቆርጣ ጣለችው። ሲመጣ እነግረዋለሁ ብላ ነበር። ሲመጣ አዳራሹ ሞልቷል፣ እሱም እናቱን ደግፎ ወንበር ይፈልጋል። ሳትነግረው ቀረች።

መብራቱ ጠፋ። ግድግዳው ላይ ሐይቁ ተዘረጋ። የእናትየው ድምፅ «የኦቡራ አባት!» ብሎ ተጣራ። ወዲያው መቅዘፊያው ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ፤ ግድግዳው በወርቅማ ብርሃን ተሞላ።

የኦቡራ እናት፣ ኛር ኡዮማ፣ ከወንበራቸው ተነሱ። የኡዮማ ልጅ ማለት ነው፤ ሰፈሩ በተወለዱበት አገር ነው የሚጠራቸው።

«መጣሁ!» አሉ ጮክ ብለው።

ሁለት እርምጃ ሄዱ። ከዚያ ዙሪያቸውን አዩ፣ ሻሻቸውን ከራሳቸው ስበው ፊታቸውን ሸፈኑበት። ሕዝቡ የትርኢቱ አካል መስሎት አጨበጨበ።

ኦቡራ ውጭ በረንዳው ላይ ነገራት። አባቱ አሳ አጥማጅ ነበሩ። ጠዋት ሲመለሱ እናቱ ከዳር ይጣራሉ፣ አባቱ ጀልባቸውን በመቅዘፊያ መትተው ይመልሳሉ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ጠዋት መልስ አልመጣም። ያን ጠዋት ኦቡራ ድምፅ ሲቀዳ ነበር፤ ከረጅሙ ዝምታ ያስቀረው አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። በኋላ የሚሰማው መቅዘፊያ ደግሞ ሬሳውን ይዘው የመጡት ጎረቤቶች ናቸው።

«እስከ ዛሬ ያልመለሰላትን ሰው አንቺ እንዲመልስላት አደረግሽው» አላት።

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ዛሬ ልነግርሽ ነበር፣ እሷ ባለችበት። አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ብትደውልለት ኖሮ በግማሽ ደቂቃ ይነግራት ነበር። እስከ ዛሬም አስባ አስባ የምትደርሰው እዚያችው ላይ ነው።

ለሁለት ወር ለመነችው። አልጮኸባትም፣ አልሰደባትም። ቢጮኽባት ይሻል ነበር። በመጨረሻ እጇን ይዞ፣

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ አኬሎ» አላት። «ግን ከእንግዲህ ምንም ነገር ስሰጥሽ... እፈራለሁ።»

ሞምባሳ ሥራ አገኘና ሄደ።

አኬሎ ይቅርታ ልትጠይቅ ዱንጋ ወረደች። ኛር ኡዮማ የተቀደደ መረብ ይጠግናሉ። ገና አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት።

«አንቺ ልጅ፣ ሐይቁ ውሃ አነሰው ብለሽ ነው?» አሏት። «ይልቅ ያንን ጫፍ ያዢልኝ።»

ያዘች። አንዱን ቀዳዳ ሰፍተው ሲጨርሱ፣ ቀና ሳይሉ፣

«ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። አላመሰግንሽም፤ አልረግምሽምም» አሉ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ እየሄደች መረብ ትይዝላቸው ጀመር። ኦቡራን አያነሱም። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሄደ። ከእሑዶቹ ባንዱ ኛር ኡዮማ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፣ ልጃቸው ሊያገባ መሆኑን ነገሯት። ልጅቷ የሞምባሳ አስተማሪ ናት፣ ለገና ይመጣሉ።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ እማማ» አለች አኬሎ።

መረቡ ተጠግኖ እስኪያልቅ ጫፉን ይዛላቸው ቆየች። ከዚያ እሑድ በኋላ ግን ዱንጋ አልሄደችም፤ ያንን ጫፍ የምትይዝ ምራት ልትመጣ ነው።