ሰባ አንድ ሰጥቶ አርባ የወሰደ ሰው

የኮንዴሌው ባትሪ መቀየሪያ ጣቢያ ሠራተኛ ኦጎላ ከባትሪ ሳጥኖቹ ኋላ ሞቶ፣ ተደፍቶ የተገኘው ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። ማጅራቱን በብረት መፍቻ ተመትቷል። ኢንስፔክተር አኬዮ ስትደርስ ፖሊሶች የባትሪ መቀየሪያውን ዘግተውት፣ ባትሪ ያለቀባቸው የኪሱሙ ከተማ የኤሌክትሪክ ሞተረኞች ደጁ ላይ ይንጫጫሉ።

ሬሳው ከመገኘቱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ የገቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሞተረኛው ኦሞሎ፣ የባትሪ ቴክኒሻኗ አውማና የሞተረኞቹ ሊቀመንበር ዋሶንጋ።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተህ ነበር አሉ» አለችው አኬዮ ኦሞሎን።

«አዎ፣ እትዬ። ትናንት ሙሉ ነው ብሎ የሰጠኝ ባትሪ፣ ምጥ የያዛት ሴት አሳፍሬ ዳገት መሃል ጥሎኝ ቀረ። ዛሬ ስድስት በመቶ ሲቀረኝ መጣሁ፣ ሰደብኩት፣ ቀይሬ ወጣሁ።»

«ስድስት እስኪቀርህ ለምን ጠበቅህ?»

«ባዶም ይመለስ ግማሽ፣ ሂሳቡ ያው ነው። ሳይጨርስ የሚቀይር ሞኝ አለ እንዴ?»

አውማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንዳንዱ ባትሪ መለያ ቁጥሩ የአዲስ፣ ጉልበቱ የሽማግሌ ነው። ኦጎላ ነቅቶበት ነበር። አንዱን አራተኛው ሳጥን ውስጥ ቆልፎ፣ ከሰዓት ለሚመጡት የድርጅቱ ሰዎች ሊያሳይ ነበር።»

አኬዮ አራተኛውን ሳጥን አስከፈተች። ውስጡ ያለው ባትሪ ጤነኛ ነው።

ዋሶንጋ እየሳቀ ገባ። «ከእኔ ምን ይገኛል፣ እመቤቴ? ወደ አሄሮ ሩቅ መንገድ ነበረብኝ። ሙሉ ባትሪ ወሰድኩ፣ ደህና ዋል ብዬው ሄድኩ።»

«አሄሮ ደረስክ?»

«ደንበኛዬ ቀረብኛ! ተመለስኩ።»

አኬዮ የባትሪ መቀየሪያ ማሽኑን መዝገብ ሁለቴ አነበበችና ሦስቱንም ሳጥኖቹ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ዋሶንጋ ሰባ አንድ በመቶ ያለው ባትሪ አስገብቷል።»

«ሩቅ መንገድ አልኩሽ እኮ!»

«የወሰድከው ግን ከአራተኛው ሳጥን ነው፤ ያለውም አርባ። ሩቅ መንገደኛ ከፍሎ ሰባ አንዱን በአርባ አይቀይርም። አንተ የፈለግከው ማስረጃውን ነው። አዲሶቹን ባትሪዎች ለቤት የፀሐይ መብራት እየሸጥክ፣ ቁጥራቸውን አሮጌዎቹ ላይ ለጥፈህ እዚህ ትመልስ ነበር። ኦጎላን መታኸው፤ ሳጥኑን አንገቱ ላይ ባንጠለጠለው የሠራተኛ ካርድ ከፈትክ። ማሽኑ ባትሪ ካልጎረሰ ባትሪ አይተፋምና የራስህን ሰጠህ።»

«ወሬ ነው! የታለ ባትሪው?»

«ሞተርህ ያለ ባትሪ አይነዳም። ልትቀይረው ብትፈልግ ይህን ጣቢያ እኛ ዘግተነዋል፤ በዚያ ደካማ ባትሪ ደግሞ ሌላው ጣቢያ አትደርስም። ስለዚህ አሁንም ሞተርህ ውስጥ ነው።»

አውማ ወጥታ የዋሶንጋን ሞተር ወንበር አነሳች። ባትሪው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር በጥፍሯ ስትፍቀው ከሥሩ ሌላ ቁጥር ብቅ አለ።

የዋሶንጋ ሳቅ ጠፋ። «ለመንኩት እኮ» አለ። «ዝም በል ብዬ ለመንኩት።»

ካቴና አስገብተው ወሰዱት። ኦሞሎ ግን ካለበት አልተነቃነቀም፤ ዓይኑ የተሸፈነው ሬሳ ላይ ነው።

«ሰው ሁሉ እየሰማ ሌባ አልኩት» አለ።

«እሱስ ምን አለህ?»

«ምንም። የተሞላ ባትሪ ራሱ ተሸክሞ ወጣና ሞተሬ ላይ ገጠመልኝ።»