ለጎረቤቴ ነው

በዲላ ከተማ የአንድ ሰፈር እድር፣ ድንኳኑንና ብረት ድስቱን በሚያስቀምጥበት መጋዘን ውስጥ የምግብ ባንክ ከፍቷል። ነጋዴው ዱቄትና ዘይት ይሰጣል፤ ከገጠር የሚመጣው ገበሬ ቆጮና ሙዝ ያራግፋል፤ የቸገረው ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ ይወስዳል። እድር ሰው ሲሞት ብቻ የሚደርስ ለሚመስለን ለእኛ፣ ሰው በቁሙ ሳለ መድረሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ተናኘወርቅ ግን እዚያ ቤት ለራሷ መጥታ አታውቅም። የምትመጣው ለጎረቤቷ ነው።

“ጎረቤቴ አቅም የላትም፤ እኔ ነኝ የማደርስላት” ትላለች፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ። ዱቄቷን ትቀበልና እግሬ አውጪኝ ነው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እንዲህ ያለች ጎረቤት አልነበረችም። ተናኘወርቅ የታወቀች ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንንም ሳታስቸግር በስፌት መኪናዋ ኖራለች። ኋላ ግን ዓይኗ ከዳት። ክር ማስገባት አቃታት። የአንዱን ተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ እናቱ ይዛው ስትመለስ፣ በሥራ ብዛት አሳበበች። ደንበኛውም አንድ በአንድ ራቃት። ዓይኗን እንዳመማት ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

ታዲያ ይህ ቤት የሚሰጠው ዱቄት ብቻ አይደለም። ከመጋዘኑ ጥግ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ድሮ ለቀስተኛ ይቀመጥበት ነበር፤ አሁን ችግሩን መናገር የፈለገ ሰው ይቀመጥበታል። ከዚያ የታመመውን ሐኪም ቤት ይወስዱታል፤ ሥራ ያጣውን ከሥራ ያገናኙታል፤ ለልጆች አስጠኚ ይፈልጋሉ። እዚያ የምትቀመጠው ሩቂያ ናት፤ ነርስነት ልትማር ከወራቤ ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጣች፣ ቅዳሜዋን በነጻ የምትሰጥ ተማሪ።

“እትዬ፣ እስቲ ትንሽ አረፍ ይበሉ። ሌላ የሚያስቸግርዎት ነገር ካለ…” አለቻት አንድ ቅዳሜ።

“እኔ ዱቄት ልወስድ እንጂ ገመናዬን ልዘረግፍ አልመጣሁም! ደግሞ ለጎረቤቴ ነው አልኩሽ እኮ” አለች ተናኘወርቅ።

ስትወጣ በሩን አጥታ ግድግዳውን ዳበሰች። ሩቂያ አየቻት። ብልህ ልጅ ናትና አልተከራከረቻትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ዱቄቱን እያቀበለቻት፣

“ጎረቤትዎ እንዴት ናቸው?” አለቻት።

“ደህና ናት።”

“ዓይናቸውስ?”

ተናኘወርቅ ክው አለች። “ዓይኗ… ትንሽ ያስቸግራታል። ከጎን የሚመጣ ሰው አይታያትም።”

“እንግዲያው ይንገሩልኝ። የዓይን ሐኪም ጋ እኔ ራሴ አብሬያቸው እሄዳለሁ። እንዲህ ያለው ሕመም ጊዜ አይሰጥም።”

“እነግራታለሁ።”

ማን ለማን ይነግራል? ቤቷ ገብታ ስታስበው፣ “ተናኘ ታወረች፣ በሰው እጅ ወደቀች ሊሉኝ?” አለች። ዛሬ ነገ ስትል ክረምቱ አለፈ። ሩቂያም በየሳምንቱ ለጎረቤቲቱ ሰላምታ መላኳን አልተወችም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተናኘወርቅ ፊቷን ስትታጠብ ሳሙና ቀኝ ዓይኗ ውስጥ ገባና ጨፈነችው። ቤቱ ጨለመ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ፀሐይዋ ወጥታለች። በግራ ዓይኗ ግን ምንም አይታያትም። ፎጣውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ፈራች። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

የዚያን ዕለት ነጠላዋን አልተከናነበችም። ዱቄት የሚታደልበትን ሰልፍ አልፋ፣ ማንም ሳይጋብዛት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

“ሩቂያ ልጄ፣ ጎረቤቴ መጣች” አለች። “እኔው ነኝ።”

ሩቂያ አልሳቀችባትም። እጇን ያዘቻት። “እንኳን ደህና መጡ፤ ስንጠብቅዎት ነበር” አለቻት።

ሐኪሙ የዓይን ግፊት መሆኑን ነገራት። ግራው አይመለስም፤ ቀኙ ግን የዓይን ጠብታ በየቀኑ ሳይቋረጥ ከተደረገበት ይተርፋል። “ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ሁለቱንም ለማትረፍ እንሞክር ነበር” አላት። እንግዲህ የተናኘወርቅን ግራ ዓይን በሽታው ብቻ አልወሰደውም፤ ይሉኝታም አግዞታል። ርዳታ መጠየቅ ውርደት የሚመስለን ሁሉ ይህችን ሴት እናስባት።

ዛሬ ሐኪሙ ያዘዘላትን መነጽር አድርጋ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመልሳለች። ጠብታውን እድሩ ይገዛላታል፤ እሷም ለሰፈሩ ችግረኛ ልጆች ዩኒፎርም ትሰፋለች። ክሩ በቀዳዳው በገባ ቁጥር፣ “ተመስገን! ለቀብሬ የሚመጡት ሰዎች ለዓይኔ ደረሱልኝ” ትላለች።

ቅዳሜ ቅዳሜም ከሩቂያ ጎን አትጠፋም። ባለፈው አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ጋሼ ከፈለኝ፣ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ገቡ። ዙሪያቸውን ቃኙና ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ።

“ለእኔ አይደለም። ለጎረቤቴ ነው።”

ተናኘወርቅ ዱቄቱን ሞልታ ሰፈረችላቸው። ከዚያ አግዳሚውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣

“ጋሼ፣ ይቀመጡ እስቲ። ስለ ጎረቤትዎ ያጫውቱኝ” አለቻቸው።

ጋሼ ከፈለኝ ጥቂት ቆመው አመነቱ። ከዚያም ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ።